የእጅጌው አንቀጽ

በዚያ ዓመት፣ ማሎሎስ፣ ዝናቡ ሳይወጣ፣
ሕገ መንግሥት ጸሐፊው በጋሪ ሲመጣ፣
ጠበቃው፣ ሐኪሙ፣ የሸንኮራው ጌታ፣
ሁሉም ነጭ ሸሚዝ ነው፤
ያደፈውን ነጩን ይልክልኛል ማታ።

እኔ ቶማሳ ነኝ፤ ከወንዙ ዳር ቤቴ፣
ሳሙናና ገንዳ፣ የሩዝ ውሃ ሀብቴ።
ፊደል አልቆጠርሁም፤ አንገትጌ ግን አነባለሁ፤
ማን ተናዶ እንዳላበው፣ ማን ፈርቶ፣ እለያለሁ፤
ማን ለንግግር ተነሥቶ ሳይናገር እንደ ቀረ፣
ጠረጴዛ ሲደበድብ የማን ብብት እንደ ተተረተረ፣
ከጋዜጣው በፊት ለእኔ ልብሱ ነው የመሰከረ።

ያን ሰሞን ሙግቱ ስለ ካህን ነበር፦
ከመንግሥት ገበታ ይቅረብ ወይስ ይቅር?
የሚሟገቱትም እዚያው፣ ከደብሩ ጣሪያ ሥር።
የዶን ሴቬሪኖ ሸሚዝ ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤
የዶን ካሲያኖ ትምባሆ፤ ባሩድም ያለበት ይመስላል።
ሁለቱን ባንድ ገንዳ ዘፍዝፌ አሳደርሁ፤
ሸንጎ ያላስታረቀውን እኔ አስታረቅሁ።

ድምፅ ሰጡ አሉ፤ እኩል ለእኩል ሆነ።
ደግመው ቆጠሩ፤ ባንድ ሰው ተወሰነ።
አንድ ሰው! አንድ አንገትጌ!
የትኛው ይሆን ብዬ ቅርጫቴን ፈተሽሁ፤
ሁሉም በላብ ርሷል፤ አንዱን ካንዱ አልለየሁ።

ከዚያ ባንዱ ምሽት
በዶን ካሲያኖ እጅጌ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ፤
የተደፋ ቀለም መስሎኝ ተበሳጨሁ።
ቀረብ አድርጌ ሳየው ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣
ይሰረዛል፣ እንደገና ይጀምራል፣
እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ወደ ክርኑ ይወጣል።
ወረቀት አጥሮት ነው፣ ወይ ሐሳቡ ቸኩሎበት፣
የገዛ ክንዱን ኖሯል ብራና ያደረገበት።

ፕሩደንሲዮን ጠራሁ፤ ልጄ ትንሽ ፊደል ለቅሟል።
“በስፔን ቋንቋ ነው” አለኝ፤ ፋኖሱን አስጠግቷል።
ስፔንን አባርረው በስፔን ቋንቋ ሲጽፉ!
ሳቄ መጣ። “ይሁን፣ አንብበው እስከ ጫፉ።”
“ማንም ሰው...” አለ። “ከዚያ ተሰርዟል።
ከዚያ... ያለ ደመወዝ... ሌላው በላብ ፈሷል።”

ማንም ሰው።
ያለ ደመወዝ።
ምን ይሁን? ምን አይሁን? መካከሉ የለም።

ነገ በመጀመሪያው ደወል ሸሚዙ ይፈለጋል፤
ቢያድፍ ስሜ ይጠፋል፣ ቢነጣ ነገሩ ይጠፋል።
እጅጌውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስተኝቼ
ቆየሁ። ቆየሁና
አጠብሁት። ምን ላድርግ፣ አጣቢ ነኝ።
ሎሚ ጨምቄ፣ ጨው ነስንሼ፣ በድንጋይ አሽቼ፣
በሩዝ ውሃ አጠንክሬ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ፣
መለስሁለት፣ ያልተጻፈበት ወረቀት አስመስዬ።

ጧት እጅጌውን ገልብጦ አየ፤ አንዴ ብቻ።
አልተቆጣም። ኪሱን ዳሰሰ፣ ሳንቲም አጣ፤
“ቅዳሜ” ብሎኝ ወጣ።

በጥር ደወል ተደወለ፤ ሙዚቀኛው ሰልፍ ወጣ፤
ልጄም የታተመውን በብብቱ ይዞ መጣ።
“ማንም ሰው የሚል ስንት አለ?” ብለው፣ “ብዙ ነው” አለኝ።
“ያለ ደመወዝ የሚለውስ?” “ልፈልግልሽ፣ እማ፣ ታገሺኝ።”
በጣቱ፣ መስመር ለመስመር፣ በቀን ጥቂት እየሄደ፣
ግማሹ ላይ ሳይደርስ ነው መድፍ አጓርቶ አገር የተሰደደ፤
ወረቀቱም ከቤቱ ጋር ነደደ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰው ስለዚያ ሕግ ሲያወራ
ዝም እላለሁ።
የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦
ያን ሌሊት ገንዳዬን ወደ ወንዙ ስደፋ
ውሃው፣ ላንዳፍታ፣ ጠቁሮ ነበር።

የዶን ካሲያኖም ቅዳሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
እስከ ዛሬ አልደረሰም።